የልጄ ደምና የፎንቆ ቅቤ

ከአርባ ዓመት በላይ ቅቤ ነግጃለሁ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ አቆምኩ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ቅቤ ነው። ከፎንቆም ከአንጋጫም እየገዛሁ ሆሳዕና አመጣ ነበር። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ገዢ ላይ ላዩን አይቶ ይደሰታል፤ ነጋዴ ግን ቀጭን ስንጥር እስከ መሃሉ ይሰድና አውጥቶ ያሸታል። መሃሉ ላይ ያረጀ ቅቤ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ተደብቆ ከሆነ ስንጥሩ ይዞት ይወጣል። ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቶ ገበያ መዋሉን ትቻለሁ፤ አፍንጫዬ ግን ገና ጡረታ አልወጣችም።

ይህን ያነሳሁት ለመኩራራት አይደለም። ይህ ሁሉ ዕውቀቴ በልጄ ጉዳይ ላይ እንዴት እንዳሳሳተኝ ልናገር ስለፈለግሁ ነው።

ልጄ አስተማሪ ናት። እዚሁ ሆሳዕና ታስተምራለች፤ ቤቷ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው። ባሏ ዱራሜ ስለሚሠራ ቅዳሜና እሑድ ይመጣል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወፍራም ነበረች፤ እኛም ደስ ይለን ነበር። የቅቤ ነጋዴ ልጅ ከስታ ብትታይ ሰው ምን ይላል? እናቷ ቆጮውንም ጎመኑንም አይቡንም ቅቤ እያጠጣች አሳደገቻት። ስታገባ፣ ስትወልድ፣ ውፍረቱ አብሯት ጨመረ። ዳገት ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ጉልበቷን ያማታል። እኔ «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ።

አንድ ቀን እያስተማረች ሳለ ሆዷን ይዛ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች፤ መነሳት አቃታት። ባልደረቦቿ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሞቹ ቆሽቷ ተቆጥቷል አሉን። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ሲል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ቆሽት በእውነት የሚታመም አካል መሆኑን ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

የላቦራቶሪዋ ልጅ የአንጋጫ ሰው ናት። አገሬን ጠይቃ ካወቀች በኋላ በአገራችን ቋንቋ ነበር የምታወራኝ። በማግስቱ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሜ ስቁነጠነጥ አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣

«አባባ፣ ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

ጣት የምታህል ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ ያዘችልኝ። ደሙ ከታች ረግቶ ተቀምጧል። ከላይ ያለው ግን ነጭ ነው፤ ወተት የመሰለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ወፈር ያለ፣ አድሮ የረጋ ወተት ላይ የሚሰፍረውን ዓይነት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስብ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ይባላል። ማሽኑ ደሙን ሲያሽከረክረው ከላይ ይወጣል።»

«ናጣችሁት ማለት ነው?»

ሳቀች። «እንደዚያ ይበሉት።»

«ምን በልታ ነው?»

«ምንም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

እጄ ሳላስበው ኪሴን ዳሰሰ። ስንጥሬን እየፈለግሁ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ቅቤ ከወተት ሲወጣ አይቻለሁ፤ ከልጄ ደም ሲወጣ ሳይ ግን ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ኋላ ነገሩን አስረዳን። ደሟ ውስጥ ያለው ስብ ከመጠን አልፎ ነው ቆሽቷን ያስቆጣው። ካልወረደ ይመለሳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሊገድላት ይችላል። እንዲህ ነው ያለን፣ ሳያሽሞነሙን። ኪኒን ሰጧት፤ ቅባት ከለከሏት። ልጄም ታዘዘች። እናቷ ለብቻዋ ጎመን ያለ ቅቤ ስትቀቅልላት እንባ ይመጣባት ነበር፤ ልጇን የበደለች ይመስላታል። ስቡ ትንሽ ወረደና ተመልሶ ወጣ። ክብደቷ ንቅንቅ አላለም። ዓመት ሳይሞላ ያ ሕመም ለሁለተኛ ጊዜ ጣላት። ያኔ ነው ወደ አዲስ አበባ የላኩን፤ ለውፍረት ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም ዘንድ።

ስለዚህ ቀዶ ጥገና እንግዳ አልነበርኩም። የፎንቆ ሰው የሆነ ወዳጅ አለኝ፤ ሐጂ ነው የምንለው። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ቅቤ ሸጠናል። እኔ ለሥላሴ እሱ ለጁምዓ ስንሄድ አንዳችን የሌላውን ቅቤ እንጠብቃለን። ሐጂ ሆዱ ቀድሞት ነበር ገበያ የሚገባው። ሰዎች ያንን ሆድ አይተው «የእሱ ቅቤ ነው ቅቤ» ብለው ከእሱ ይገዛሉ፤ እኔ ቀጭኑ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ዝንብ አባርራለሁ። ይኸው ሰውዬ ስኳርና ደም ግፊት ሲያጣድፉት አዲስ አበባ ሄዶ ጨጓራውን ቀንሶ መጣ። በወራት ውስጥ ከሰውነቱ እኩሌታው የጠፋ መሰለ። ገበያው ውስጥ ከሰረ ተባለ፤ ክፉ በሽታ ያዘው ተባለ። እሱ ግን ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ «ኧረ ደህና ነኝ፣ ሱሪው ነው የታመመው!» እያለ ይስቅ ነበር።

አዲስ አበባ የገባን ዕለት ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልን። ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ።

«አባት፣ በብዛት የምንሠራው ሁለት ዓይነት ነው» አለኝ። «አንዱ ጨጓራውን ቆርጦ እንደ ሙዝ ማቅጠን ነው። አንጀቱ አይነካም። ሁለተኛው ጨጓራውን የእንቁላል ያህል አሳንሶ አንጀቱን ከእሱ ጋር መቀጠል ነው፤ ምግቡ የላይኛውን አንጀት ሳይነካ ዘሎ ያልፋል።»

«የሐጂ የትኛው ነው?» አልኩ። ሐኪሙ ሐጂን ከየት ያውቀዋል! ልጄ ናት «የመጀመሪያው ነው» ያለችኝ።

«ስቡስ?» አለች እሷ።

«ሁለቱም ትራይግሊሰራይድን ያወርዳሉ። ሁለቱም ጥሩ የምንለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋሉ። መጥፎውን ኮሌስትሮል በማውረድ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፤ በመጀመሪያው ብዙ ጊዜ እምብዛም አይነቃነቅም። ያንቺ ሁሉም ከፍ ብሏል። ስለዚህ ላንቺ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለሁሉም ሰው ይሄ ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። ሥራው ከበድ ይላል፤ ዕድሜ ልክ ቫይታሚን መውሰድ፣ ደም መመርመር አለው።»

ለአንድ ደም ይህን ያህል ዓይነት ስብ መኖሩ ገረመኝ። በልቤ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል እያልኩ መደብኩት፤ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ብቻ እንዲያ ሲሆን ገባኝ። ያልገባኝ የአንጀቱ ነገር ነው። የሰው አንጀት ተቆርጦ እንደ ገመድ ይቀጠላል?

«የሐጂን ይሥሩላት» አልኩ። «እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አባዬ፣ ቤት ሄደን እናስብበት» አለች ልጄ፤ በሰው ፊት ልታሳፍረኝ አልፈለገችም።

ሆሳዕና ተመልሰን ሳምንት ሙሉ በዚህ ተከራከርን። ክርክር ልበለው እንጂ እሷ ዝም ትላለች፣ እኔ ብቻዬን እናገራለሁ። አባቷ ካልመረቃት ቀዶ ጥገና ክፍል እንደማትገባ ነግራኛለች። እንግዲህ ነገሩ በእኔ አፍ ላይ ቆመ። ሕመሙ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይናገረውም።

ሐጂ ወሬውን ሰምቶ ከፎንቆ መጣ። በር ላይ ሆኖ ገና ሰላም ሳይለኝ፣

«ልጅቷን የኔን ልብስ ልታለብሳት ነው አሉ!» አለ።

«አንተ ድነህ የለም እንዴ?»

«ድኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ስኳሩ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ደህና ነው፤ ሚስቴ ራሷ ሙሽራ መጣልኝ ትላለች።»

«እንዲህ ደርቀህ ሙሽራ!» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

ሐጂ ስቆ ሲያበቃ ተጠጋኝ። «ስማ ወንድሜ። ላዩን አይተው ቅቤ የሚገዙ ሰዎች ላይ ስንስቅ አልኖርንም? አሁን አንተ እኔን ላዬን አይተህ ነው የምትፈርደው። ስንጥርህን ስደድ እንጂ!»

ከኪሱ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣ። የደሙ ምርመራ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ። ልጄ ተቀብላ አነበበችው። ትራይግሊሰራይዱ ወርዷል። ጥሩው ኮሌስትሮል ጨምሯል። መጥፎው ግን በፊት ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

«ለእሱ ማታ ማታ ኪኒን እውጣለሁ» አለ ሐጂ። «ለማንም አልነገርኩም። ገበያው ከስሮ ነው ሲለኝ የከረመ፣ ደግሞ ቀዶ ጥገናው አልሠራለትም እንዲል? ለእኔ ሠርቶልኛል፤ የኔ ጭንቅ ስኳሩ ነበር። የእሷ ጭንቅ ግን ስቡ ነው። የእሷን በሽታ ለእሷ በሚሆነው ይሥሩላት።»

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንነግድ ሐጂ የራሱን ቅቤ ጉድለት ለሰው ሲያሳይ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ተነስቼ ልጄን ግንባሯን ሳምኩና መረቅኋት።

ቀዶ ጥገናው ሲሠራ መቁጠሪያዬን ይዤ ኮሪደር ላይ ዋልኩ። ስንቴ እንደጸለይኩ አላውቅም፤ እየተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እጀምር ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ «በደህና አልቋል» ሲለኝ እጁን ልስም ስል እሱ ቀድሞ ጉልበቴን ሊነካ ጎነበሰ፤ ግንባራችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

በእኛ አገር ሆዷ የተነካ ሴት አራስ ናት። በምን ተነካ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጄ ቤቷ ስትገባ የሰፈሩ ሴቶች ቡላቸውን፣ ወተታቸውን ይዘው ለጥየቃ መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትላትም ነበረች፤ ሕፃኑ የታለ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ልጄ እየሳቀች ትቀበላቸዋለች፤ የመጣውን ሁሉ ግን ልጆቿና እናቷ ናቸው የሚበሉት። ለእሷ የተፈቀደው በትንሽ ሲኒ የሚለካ ቀጭን ሾርባ ነው። እናቷ ይህን እያየች አንጀቷ ይንሰፈሰፋል።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ በስልክ «ከአሁን በኋላ ለስላሳ ምግብ ጀምሪ» አላት። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ለስላሳ? ከቡላ የሚለሰልስ ምን አለ? አታካና እንሥራላት ተባባልን። አታካና ማለት በቅቤ ተለውሶ በወተት የበሰለ ቡላ ነው፤ ሳይታኘክ ጉሮሮ የሚወርድ፣ ለአራስና ለመስቀል በዓል የሚሠራ። በማግስቱ ፎንቆ ሄድኩ። ገበያውን ሁሉ ዞርኩት። ሰባት ቅቤ ወግቼ ስምንተኛውን ገዛሁ፤ ለጋ፣ ሽታው ገና ሣር ሣር የሚል። ባለቤቴ ማር ጨመረችበት፤ «ደም ይሆናታል» ብላ። ስለ ስብ የተነገረን ሁሉ ከጭንቅላታችን ጠፍቶ ነበር። ደግሞም «ስቡ የመጣው ከአሮጌው አንጀቷ ነው፤ አሁን በአዲስ መንገድ ነው የሚያልፈው» ብዬ ነበር በልቤ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሳህኑን ራሴ ይዤ ሄድኩ። አባት በእጁ ያቀረበውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ልጄም አልመለሰችም። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን ስሰጣት ፊቷ ተለዋወጠ። ላብ በላብ ሆነች። ልቧ ሲመታ በነጠላዋ ላይ ይታየኝ ነበር።

«ምነው ልጄ?»

«አባዬ... ልተኛ።»

አስመለሳት። እጇ ተንቀጠቀጠ። ያ ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፣ እኔም በማንኪያ አጎረስኳት አልኩ በልቤ። ትልቋ ልጇ ስልኩን አምጥታ ለሐኪሙ ደወለችልን። ሐኪሙ የሆዷን ሕመም ጠየቃት፤ እንዳለፈው ዓይነት ሕመም የለም። ተጋድማ እንድታርፍ፣ ካልተሻላት ቶሎ ሆስፒታል እንድትሄድ ነገራት። ከዚያ ምን እንደበላች ጠየቀ። ልጄ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አባት፣ ምን ሰጧት?»

«ቡላ።»

«ቡላ ብቻ?»

«ቅቤ አለው።» ቀጥዬም «ማርም አለው» አልኩ። «ወተትም።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አባት፣ አሁን ጨጓራዋ ትንሽ ናት፤ ጣፋጭና ቅባት ሲበዛባት በአንድ ጊዜ አንጀት ላይ ይፈስና እንዲህ ያደርጋታል። ያልፋል። ግን ይህን አይድገሙት» ብቻ ነው ያለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አለፈላት። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዓይኗን ገልጣ «አባዬ፣ ቅቤው ግን ጥሩ ነበር» አለችኝ። አልሳቅሁም። በኋላ ቤቴ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ፤ ባለቤቴም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ ሳላስጠይቅ ምንም አላቀርብላትም። አይብ ያለ ቅቤ፣ ለስልሶ የበሰለ ምስር፣ እንቁላል፤ እሷ የምትለኝን እገዛለሁ። መጀመሪያ ባዶ እጄን ቤቷ መግባት ከብዶኝ ነበር። ስትበላ ማየትም ይከብድ ነበር፤ ወፍ እንኳ የበለጠ ትበላለች እል ነበር። ቀስ በቀስ ለመድኩት። ልጄ ዳገቱን ሳትቆም መውጣት ጀመረች፤ እኔ ከኋላ ቀርቼ «ቀስ በይ!» የምል ሆንኩ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ሐኪሙ ያዘዘውን የደም ምርመራ እዚሁ አደረገች። ባዶ ሆዷን ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። የአንጋጫዋ ልጅ አሁንም እዚያው ናት። ሳልጠይቃት ብልቃጡን ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች።

«አባባ፣ ይዩ።»

ደሙ ከታች ነው። ከላይ ያለው ነጭ አይደለም። ቢጫ ነው፤ በወዲያ በኩል ጣቷ የሚታይበት፣ ልክ ተነጥሮ የጠለለ ቅቤ ሲቀዳ እንደሚጠራው።

«ነጠረ» አልኩ።

«ቅቤ አይደለም እኮ!» አለችኝ እየሳቀች።

ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ልጄ የቆየውን ከጎኑ አድርጋ አነበበችልኝ። ትራይግሊሰራይዱ በጣም ወርዷል። ጥሩው ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል። መጥፎውም፣ የሐጂ አልነቃነቅ ያለው፣ ወርዷል። የአዲስ አበባው ሐኪም በስልክ ሰምቶ ደስ አለው፤ ለቆሽቷ የሚያሰጋ ስብ አሁን እንደሌለ ነገራት። ቫይታሚኗን እንዳትተው፣ ምርመራውም ዕድሜ ልክ እንደሆነ ደግሞ አስጠነቀቃት። ለሐጂ ስደውልለት መጀመሪያ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ቀጥሎ «በለጠችኝ ማለት ነው?» አለ፤ ቅናት ቢጤ ነበረበት።

በመስቀል ቤታችን ሞላ። ባለቤቴ አታካናውን ሠራች፤ ሳይሠራ መስቀል አይሆንም። የልጄ ሳህን ላይ ግን ትንሽ ሥጋና ጎመን ብቻ አደረገች፤ በራሷ እጅ፣ ማንም ሳይነግራት። ሐጂም ጥየቃ መጥቶ ነበር፤ ከፎንቆ ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ይዞ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለልጅህ።»

«አበድክ?»

«አንተ ሰው፣ ቅቤ አፍ ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?»

ወዲያው ገባኝ። አባቴ እኔን ሲመርቀኝ ያደረገው ነገር ነው። ቅጠሉን ፈታሁ። ልማድ ሆኖብኝ ስንጥር ሰድጄ አሸተትኩ፤ ሐጂ «የኔን ቅቤ ትወጋለህ!» ብሎ ጮኸ። ልጄን ጠራኋት። መጥታ ፊቴ በርከክ አለች፤ ድሮ ሳትደገፍ መንበርከክም መነሳትም አትችልም ነበር። በመዳፌ ዘገንኩና አናቷ ላይ አደረግሁት። በአገራችን ቋንቋ መረቅኋት፤ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጆችሽን ዳሪ አልኳት።

ቅቤው በራሷ ሙቀት ቀልጦ በግንባሯ ወረደ። ትንሿ ልጇ ጠጋ ብላ በጣቷ ጠረገችና ቀመሰችው።

«አባዬ፣ ጨምርልኝ» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ጨመርኩላት።